የመሪጌታ ህሩይ ግራ እግር

እንኳየሁ ኪዳን አስደርሳ ስትወጣ አንዱ ጫማዋ ጠፍቶባት በሴቶች በር በኩል ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ነው የሰማችው። ከድንጋዩ አጥር ወዲያ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። አንደኛው «ለንግሡ መሪው አምሐ ነው፤ ያለቀ ነገር ነው» አለ። ሁለተኛው «መሪጌታ ህሩይስ?» ሲል ጠየቀ። «እሳቸውማ ከእንግዲህ ለወንበር ናቸው። ከምሰሶው ሥር ወንበር ይደረግላቸዋል፤ ተቀምጠው ይሰማሉ።» ክፉ ንግግር አልነበረም፤ እንዲያውም ሰውየው «እግዜር ይማራቸው» ብሎ ጨመረበት። እንኳየሁን የቆጠቆጣትም ይኸው ነው። ቢሰድቧቸው ኖሮ አጥሩን ዞራ ልክ ልካቸውን ትነግራቸው ነበር፤ ለሚያዝን ሰው ግን ምን ይባላል? ጫማዋን ከሰው ጫማ ሥር አግኝታ አጠለቀችና በቀሐ ሰፈር ቁልቁለት ወደ ቤቷ ወረደች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ባሏ ብቻ እንደማያውቁት እያሰበች፣ የሰላምታውን መልስ ሳትሰጥ ሁለት ጎረቤት አለፈች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። መሪጌታ ህሩይ ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ማኅሌት አድረው ሲወጡ ዝናብ ያረጠበው የድንጋይ ደረጃ አዳለጣቸውና ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሞች ቀደው በብረትና በብሎን ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ለአንድ እግር ሲል ቦታውን ለቋል። አልጋው ከጓዳ ወጥቶ በሳሎኑ መስኮት ሥር ተዘርግቷል፤ ትልቁ ወንበር ለጎረቤት በአደራ ተሰጥቷል፤ ምንጣፉ እንዳያደናቅፍ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ሰውአገኝ ዳባት ያስተምራል፤ መንገዱ ደህና ሲሆን እመጣለሁ እያለ ይደውላል። ስለዚህ ማንሣቱም ማስቀመጡም፣ ማጠቡም ማብላቱም የእንኳየሁ ነው። ከሆስፒታል የተሰጡት ሁለት ክራንቾች ሚስማር ላይ ተሰቅለው ፎጣ ይሰጣባቸዋል። መሪጌታ ገና ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን «እኔ ብብቴ ሥር ብረት ወትፌ ሰው ፊት አልቆምም» አሉና መቋሚያቸውን አስመጡ፤ ማኅሌት ሲቆሙ ዕድሜ ልካቸውን የተደገፉትን፣ ራሱ ነሐስ የሆነውን የወይራ በትር። እንኳየሁም ደስ አላት። ሰው በለመደው ነገር ቢቆም ምን ክፋት አለው ብላ ነሐሱን በሎሚ ወልውላ ሰጠቻቸው።

ስትገባ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የመቋሚያውን ራስ ከደረታቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ እንደሚቆሙት። ያያቸው ሰው «ምን ሆነው ነው ቤት የዋሉት?» ይል ነበር። «ዛሬ መልክአ ማርያምን ከላይ እስከ ታች ስደግም አንዴም አልተቀመጥሁም» አሉ በኩራት። ለወትሮው «እሰይ! እሰይ!» ብላ ታሞቅላቸው ነበር። ዛሬ ግን «ሸጋ ነው» ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። «ምነው? ምን ሆንሽ?» አሏት። «ብርዱ ነው» አለች። ብርድ አልነበረም። የጽጌ ማኅሌት ሙሉውን በዚህ መስኮት ሥር ተቀምጠው ከሩቅ እየሰሙ አልፏቸዋል፤ አንዱ ዜማ ሲዘገይ ፊታቸውን ቅጭም ሲያደርጉ፣ ሲያምር ሲፈኩ እሷ ከጓዳ በር እያየቻቸው ኖራለች። የቀራቸው ተስፋ በዚሁ በኅዳር የሚውለው የደብሩ ንግሥ ነው። በዚያ ቀን መሐል ቆመው ካልመሩ ይህ ሰው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋባት ታውቃለች። ሽሮውን እያማሰለች የሰማችውን ላትነግራቸው ለራሷ ማለች።

አምሐ ሦስት ሰዓት ላይ ለሆስፒታል ቀጠሯቸው ባጃጅ ይዞ መጣ። አምሐን እሷ ናት ያሳደገችው ማለት ይቻላል። አቋቋም ሊማር ከሳንጃ ሲመጣ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ነበር፤ በየደጁ ሲለምን ውሻ የነከሰው ጊዜ ቁስሉን እያጠበች ያስተኛችው እዚሁ ጓዳ ነው። ዛሬ ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ራሱም ተማሪዎች ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው ሆኗል። «እናቴ ሰሊጥ ላከችልዎ፣ እትዬ» ብሎ ፌስታል ዘረጋላት። «ቤቱ ሰሊጥ ሞልቷል» አለች። ቤቱ ውስጥ ሰሊጥ የሚባል ነገር የለም። አምሐ ጥቂት አመነታና ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀምጦ አቀረቀረ። እንኳየሁ ማቀርቀሩን የበደሉ ምስክር አድርጋ ቆጠረችበት፤ በሆዷም «የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ስትል ሰደበችው። ክፋቱ ግን ልጁ ለመጠላት የሚመች ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ባጃጁ ሲነሣ መቀመጫውን ትቶ ከመሪጌታ እግር ሥር ቁጢጥ አለ፤ ግራ እግራቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፈው፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ እያደረገ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የገዛ ጉልበቱ እየደነዘዘ ሄደ። ሾፌሩ ስለ ቤንዚን ሰልፍና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል፤ «ሽንኩርት እኮ አሁን ለንግሥ ብቻ የሚበላ ሆኗል» ይላል። ፒያሳ ላይ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች «የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ!» ሲሉ መሪጌታ መቋሚያውን በባጃጁ ጎን ብቅ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜያለሁ!» አሏቸው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንጌላዊት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ፣ እጇ ግን ቀልድ የማያውቅ ልጅ። ክፍሏ ውስጥ ትልቅ መስተዋት፣ ታካሚ በመሐላቸው ይዟቸው የሚሄድባቸው ሁለት ትይዩ ብረቶችና ጥግ ላይ የተደራረቡ ፍራሾች አሉ። «እንዴት ነው የኔታ፣ እየቆሙ ነው?» ብትል እንኳየሁ ቀደመችና «መቆም ብቻ! ድጋማቸውን ሳይጨርሱ መች ይቀመጣሉ» አለች። ወንጌላዊት ካልሲያቸውን አውልቃ እግራቸውን አገላብጣ አየች። በቁርጭምጭሚቱ በሁለቱም ጎን የስፌቱ ጠባሳ ደርቋል፤ ባቱ ግን ከቀኙ ጋር ሲተያይ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ከስቷል። የእግራቸውን ጣቶች ወደ ላይ ስትገፋ ቁርጭምጭሚቱ እንቢ አለ። ልጅቱ ሳቋን ተወችው። «እስቲ ይቁሙልኝ» አለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች፣ ባለ አንገት ድጋፉም፣ ጉልበቷን የታሰረችውም፣ ዞረው እስኪያዩ ድረስ አምረው ቆሙ። ወንጌላዊት ሁለት የሰው ሚዛን አመጣችና በእያንዳንዱ እግራቸው ሥር አንድ አንድ አስገባች። የቀኙ መርፌ ሄደ። የግራው ንቅንቅ ብሎ ቆመ፤ አንድ ሽሮ የተሞላ ቅል ቢቀመጥበት ከዚያ ይበልጥ ነበር።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አሉ መሪጌታ። ልጅቱ ሳትከራከር ራሷ ወጣችበት፤ መርፌው ዘሎ ሄደ። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። የማኅሌት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ክብደቱን ለመቋሚያው መስጠትን ከልጅነቱ ይማራል፤ አንዱን እግር አሳርፎ፣ ትከሻውን በትሩ ላይ ጥሎ፣ ከውጭ ለሚያየው ግን ቀጥ ብሎ። መሪጌታ ደግሞ ይህንኑ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሳያስቡት ትከሻቸው ሠራላቸው። ይኸን ያህል ጊዜ የቆመው ወይራው ነው። ግራ እግራቸው መሬቱን ነክታለች እንጂ ረግጣ አታውቅም። እንኳየሁ ያን ነሐስ በሎሚ የወለወለችበት ጠዋት ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። «አጥንቱ ገጥሟል፣ ራጁም ጥሩ ነው» አለች ወንጌላዊት ቀስ ብላ። «እግሩ ግን ሥራ ፈቷል። አሁን ካልረገጡት መጋጠሚያው እንደደረቀ ይቀራል፤ ዕድሜ ልክዎን ያነክሳሉ። ይኸን በትር ያስቀምጡልኝና የሰው ሁለት እጅ ይያዙ። ፊት ለፊት ቆመው በሁለቱም እግር ክብደትዎን ይጣሉ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። በሉ፣ የእኔን እጅ ይያዙ።» መሪጌታ እጇን አዩ፣ ብረቶቹን አዩ፣ መቋሚያውን አጥብቀው ጨበጡ። «ሌላ ቀን» አሉ። ለመነቻቸው፣ ሌላ ቀን አሉ። እንኳየሁ በግንባራቸው ላይ ችፍ ያለውን ላብ ስታይ ነው የተገለጠላት፤ ይህ እልኸኛ ሰው ፈርቷል። እስከዛሬ እግሩ ነው የሚያማቸው ስትል ኖራለች።

ወደ ቤት ተመለሱ። አምሐ አልጋቸው ድረስ አድርሷቸው ወደ ተማሪዎቹ ሄደ፤ እንኳየሁ ደህና ዋልም አላለችው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንቅልፍ ሲወስዳቸው መቋሚያውን ከራስጌ አነሣች፤ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለለችውና ግቢውን ተሻግራ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሽታዬ ይዛው ሄደች። ሽታዬ ልብስ ታጥባለች። ጥቅሉን አይታ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለቻት። «አዎ፣ ከእንጨቱ ጋር» አለች እንኳየሁ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካብኝ። እሳቸው ቢልኩብሽም የለም በይ።» ሽታዬ ሥራዋ ላይ ነበረችና ከዚህ በላይ አልጠየቀችም፤ ከአልጋዋ ጀርባ አቁማ አረፋዋ ላይ ተመለሰች።

መሪጌታ ሲነቁ እጃቸው ራስጌያቸውን ዳበሰ። ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ አጣ። «እንኳየሁ!» «አቤት።» «መቋሚያዬስ?» «ሽታዬ ቤት ነው።» «ምን ሊሠራ?» «ሊያርፍ። እሱም ደክሞታል።» ቁጣቸው ቤቱን ሞላው። ያለ ፈቃድ የሰው ዕቃ ማንሣት ምን እንደሆነ፣ ሴት በሊቃውንት ነገር ጥልቅ ስትል ምን እንደሚመጣ፣ የዛሬ ዘመን ሐኪም የጥንቱን አቋቋም የት አውቆት እንደሚለካው፣ ሁሉንም ተናገሩ። እንኳየሁ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሲጨርሱ «እጄ ይኸውና» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። መሪጌታ እጆቿን እንደ እንግዳ ነገር አዩዋቸው። በእውነትም እንግዳ ነበሩ፤ በተክሊላቸው ቀን በካህኑ ፊት ከያዟት ወዲህ በጠራራ ፀሐይ እጇን ይዘው አያውቁም፤ የሊቃውንት ወግ አይደለም። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ። እሷም እጇን ወደ ምስሩ መለሰች። እንዲህ ሆነው ተቀመጡ፤ እሷ ጠጠሩን ከወዲህ ምስሩን ከወዲያ ስታደርግ፣ እሳቸው የጣሪያውን አቡጀዴ ሲያዩ። ውጭ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ከታች መንገድ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ሁለት ጊዜ የጠዋቱን ወሬ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደረሰና ዋጠችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። አምሐ ነው። አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆሞ ነጠላውን አደገደገ። «የኔታ» አለ፣ «የለቀቁልኝን ቦታ መውሰድ አልችልም። የደብሩ አለቃ ዘንድ ዛሬ ሄጄ ነበር። 'መሪጌታ ራሳቸው ናቸው ልከው ከእንግዲህ አልመለስም፣ ቦታዬን ለአምሐ ስጡ ያሉን' አሉኝ። እንግዲያው አደራ ነው እንጂ ሹመት አይደለም ብያቸዋለሁ። ንግሡ ላይ የምቆመው እርስዎ እስኪመጡ ነው። ወንበርም እንዳያዘጋጁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።» የምስሩ ሰፌድ ቀጥ አለ። እንኳየሁ ባሏን አየች፤ ባሏ ግድግዳውን አዩ። አምሐ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከተና እሷ እንደማታውቅ ሲገባው ምላሱን ነከሰ፤ «ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል» ብሎ ወደ ኋላው ሸሸ። እንኳየሁ ሰፌዱን ጥላ እስከ ውጭው በር ተከተለችው። ቀኑን ሙሉ በሆዷ የሰደበችውን ስድብ በየትኛው ቃል እንደምትክሰው ቸገራት። «አምሐ፣ ዛሬ…» አለች። «አውቄያለሁ፣ እትዬ» አላት። አንገቱን ስባ ግንባሩን ሳመችው።

ስትመለስ መሪጌታ ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንዳትጠይቃቸው ይመስል እሳቸው ቀደሙ። «ስወድቅ ምን ብዬ እንደጮኽሁ ታስታውሻለሽ?» አሏት። መልስ አልጠበቁም። «እናቴን! አልሁ። እናቴን፣ እናቴን፣ እያልሁ ሰው ሁሉ ፊት አለቀስሁ። አባቴ ሲሞት እንኳ ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ተማሪዎቼ ከበውኝ፣ አለቃው ቆመው፣ እንደ ሕፃን… አንቺ፣ ሌሊት ይሰማኛል። እዚያው ደረጃ ላይ ተመልሼ ልውጣ? ደግሞ ባዳልጠኝስ? ስለዚህ ሳልጠየቅ እኔው ለቀቅሁ። ላንቺ መናገሩን ግን አፈርሁ።» ይኸን ሲሉ ድምፃቸው፣ ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ፣ ጭል ጭል እንደሚል ኩራዝ ቀጥኖ ነበር። እንኳየሁ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሰምቻለሁ እንጂ» አለች። «በሴቶች በር ነበርሁ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም፤ ሲወድቁ አየሁ፣ ጋቢዎ ብቻ ደረጃው ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። ሞቱብኝ አልሁ። ከዚያ ነው 'እናቴን!' ያሉት። እሰይ! አሉልኝ! አልሁ። ሰው ይፍረድ፣ ይኸን ያህል ዘመን ማኅሌትዎን ስሰማ ከዚያ ድምፅ የሚጥመኝ ሰምቼ አላውቅም።» መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወዲያ ገፉና ሁለት እጃቸውን እንዳልለመደ ሰው ዘረጉ።

«በይ ያዢኝ» አሉ።

ያዘቻቸው። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው፤ የሷ የምስር አቧራ እንደያዘ ነው። ፊት ለፊት ቆሙ፤ እንዲህ ተቀራርበው በብርሃን ከተያዩ ዘመን የለውም፤ ሽበታቸው ቅንድባቸው ላይ መድረሱን አሁን ገና አየች። በቀኛቸው ቆሙ፤ ተነፈሱ። ግራቸውን ሲያነሡ ጣቶቿን አጥብቀው ያዙ፤ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ገባ፤ ምንም አላለችም። የተነሣችው እግራቸው ባየር ላይ ተንቀጠቀጠች። «አንቱ፣ ይልቀቋት፣ መሬቱ አይሸሽም» አለች። «ዝም በይ፣ እየቆጠርሁ ነው» አሉ፤ ምኑን እንደሚቆጥሩ ግን እሳቸውም አያውቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትከሻቸውን ጥለው፣ ለመቋሚያው ሲሰጡት የኖሩትን ክብደት ሁሉ ለግራ እግራቸው ሰጧት፤ ያቺም እግር ወርዳ ያረፈችው በእንኳየሁ ባዶ እግር ጣቶች ላይ ነው።

«እናቴን!» ብላ ጮኸች እንኳየሁ፤ ሽታዬ ከወዲያ ማዶ «ምነው! ምን ሆናችሁ!» እስክትል ድረስ።

መሪጌታ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ረገጥሁሽ?»

«ረገጡኝ እንጂ!» ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል።

ለማመን አልደፈሩም። እጇን ሳይለቁ ቀስ ብለው አጎነበሱና ወደ ታች ተመለከቱ። «በየትኛው?» አሉ።

«በግራው» አለች፤ እግሯንም ከሥሩ አላወጣችም።